አረም ነው ይበሉልኝ

በዚያ ጠዋት ወንዙ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። ከመሥሪያ ቤት የተላከው የዕፅዋት ባለሙያ ከጠጠሩ ክምር አናት ላይ ቆሟል፤ በብብቱ አሮጌ ጋዜጣና ሁለት ጣውላ ይዟል። ጠጠሩን ለማውጣት ፈቃድ የጠየቀው የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ከእሱ ዝቅ ብሎ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ከኋላው የማኅበሩ ልጆች ማጭድና አካፋ ይዘው በቆርቆሮ አጥር ጥግ ተደርድረዋል። የዕድራችን ዳኛ ከመንገዱ በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደራርበዋል። የታችኛዋ ጎረቤቴ ከሁላችንም በታች፣ ከጉሎው አጠገብ፣ የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋ እግሯ ሥር አስቀምጣ ቆማለች። እኔ በእሷና በባለሙያው መካከል ነበርኩ። ቦታውን የመረጠልኝ ሰው የለም፤ ቁልቁለቱን ስወርድ እግሬ የደረሰው እዚያ ድረስ ነው።

ቦታው ከጌጃ ሰፈር ጀርባ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን የሚያገኘው ዳርቻ ነው። ወንዙ እዚያ ላይ ስለሚታጠፍ፣ ክረምት በሞላ ቁጥር ከላይ ያመጣውን ጠጠርና አሸዋ ከመታጠፊያው ላይ ጥሎ ይሄዳል። ቀድሞ የሰፈሩ ሰው የግቢውን ጭቃ ለማልበስ በጆንያ ይዝቅ ነበር እንጂ ሌላ ፈላጊ አልነበረውም። በሰንጋ ተራ በኩል ሕንፃው ሲበዛና መንገዱ ሁሉ ሲቆፈር ግን ጠጠር ተፈላጊ ሆነ። የሰፈሩ ልጆችም ተደራጅተው፣ ቦታው ይሰጠንና ጠጠሩን እያወጣን እንሽጥ ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ ተምረው ቤት የተቀመጡ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግንብ ተደግፈው ሲቆሙ ስናያቸው ስለኖርን ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም።

ፈቃዱ ከመጽደቁ በፊት ባለሙያ መጥቶ በቦታው ላይ የበቀለውን ማየት፣ አረሙን ከተክሉ መለየት አለበት ሲባል ግን ግራ ገባን። ዳኛው፣ ጠጠር ለማውጣት ደግሞ ሣር ይቆጠራል ወይ ብለው ሳቁ። ከወረዳው ለዕድሩ በተላከው መልእክት አካባቢውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እንዲገኙ ተጠየቀ። ዳኛው በዕድሜያቸው ተመረጡ። እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ተመረጥኩ፤ ሌላው ምክንያት ደግሞ ብዙ ስለማልናገር ይመስለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ መተየብ ነበር። በዚህም ተመስግኜ ወጥቻለሁ።

ባለሙያው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም የታችኛዋ ጎረቤቴ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም። በሩን ተደግፋ ቆመች። እሷና እኔ በዕድሜ ብዙ የምንበላለጥ አይመስለኝም፤ ግን እሷ አንቱ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ። ከመጀመሪያው እንዲህ ሆነ፣ እንዲሁ ቀረ።

«እትዬ፣ ነገ ከሰዎቹ ጋር የሚወርዱት እርስዎ ነዎት አሉ» አለችኝ።

እኔና ዳኛው እንደሆንን ነገርኳት።

«ከጉሎው ሥር ያለችውን ካዩአትና ምንድን ናት ካሉዎት፣ አረም ነው ይበሉልኝ።»

የምትለውን አውቄያለሁ። ቅጠሉን አይቼው አላውቅም ነበር፤ የት እንዳለ ግን እገምት ነበር። አረም ካልኩማ ይቆርጡታል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አረም ቸል ይባላል እንጂ ማን ይጣደፍበታል አለች። ቁፋሮው እስኪጀመር እዚያው ይቆማል። ዓርብ ቀኗ ነው፤ ያን ቀን ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሰው ሳትነጋገር፣ ሰው ሳያያት ወርዳ ራሷ ታነሳታለች። ከዚያ ወዲያ የት እንደምትተክላት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሀገሯ ሳለች ከእናቷ የተቀበለቻት ናት፤ ሥሯን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛት ነው አዲስ አበባ የገባችው። ይህን የነገረችኝ በዚያን ቀን አይደለም፤ ቀድሞ ነው።

«መድኃኒት ናት ካሉ ስሟን ይጠይቃሉ» አለችኝ። «ስሟ በሰው ፊት ከተጠራ ደግሞ አበቃ፤ ለማንም አትሆንም።»

«እሺ፣ አረም ነው እላለሁ» አልኳት።

እግዜር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። እኔ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ።

ይህች ሴት በምን እንደምትተዳደር ሰፈሩ ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም። ልብስ ታጥባለች፣ ለበዓል ቄጠማ ትሸጣለች። ከዚህ ሌላ ወደ እሷ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ከተክለ ሃይማኖት ነጋዴዎች ይመጣሉ፣ መኪናቸውን ከላይ መንገዱ ዳር አቁመው በእግር የሚወርዱም አሉ። ሲገቡ ይታያሉ፤ ሲወጡ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ሰው ሲጣላት ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ትባላለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ይህን ቃል ባነሳ ቁጥር ሴቶቹ ወደ እሷ ላለመዞር አንገታቸውን ያቀናሉ። እሷም ዓምድ ተጠግታ ታስቀድሳለች፤ እስከ መጨረሻው ቆማ ትሰማለች።

እኔም ወደ እሷ ሄጃለሁ። አንድ ክረምት የባለቤቴ ዓይን ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ሐኪም ቤት ተኝቶ ይረፍ፣ ስኳር ነገር ይውሰድ፣ ሌላ የሚሰጠው የለም አሉን። የባለቤቴ እህት ግን ወደ ታችኛዋ ሂጂ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ካለመማር ነበር የምቆጥረው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥም እንዲሁ ሲነገር እሰማ ነበር። ሄድኩ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ፣ ምሽት ላይ፣ ልብስ ሊታጠብልኝ የምሰጥ ለመምሰል አንሶላ ይዤ ሄድኩ። አንሶላውን ተቀብላኝ ምንም ሳትጠይቀኝ በሲኒ የተወቀጠ ነገር ሰጠችኝ። እንዳልነግር አስጠነቀቀችኝ፣ እንዳላመሰግናትም አስጠነቀቀችኝ። ባለቤቴ ዳነ። ቅጠሉ ይሁን ዕረፍቱ፣ እግዜር ያውቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሮ በሌላ ሕመም አረፈ። ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ውጭ ቆማ አይቻታለሁ። ግቢ የሚላት አልነበረም።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

ባለሙያው ትሑት ልጅ ነው። ክምሩ አናት ላይ ቆሞ ለምን እንደመጣ በቀላል አነጋገር አስረዳን። ቅንጬ አረም የሚባል ነጭ አበባ ያለው አረም አለ፤ ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከጠጠሩ ጋር ተዝቆ መኪና ላይ ከወጣ፣ ጠጠሩ በተደፋበት ሁሉ ይበቅላል። እርሻ ያበላሻል፣ ከብት አይበላውም፣ ሰውነትም ያሳክካል። ስለዚህ አረሙ ሁሉ አስቀድሞ ታጭዶ ይቃጠላል። ዛፍ ወይም የሚጠቅም ተክል ከተገኘ ግን በዙሪያው ችካል ተተክሎ ይተዋል፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል።

ከአጥሩ ጥግ አንዱ ልጅ፣ «ቅንጬ ከሆነማ ቅቤ አምጡና እንብላው» አለ።

ሳቁ። ባለሙያውም ሳቀ። እኔ ግን ይቃጠላል ባለው ቃል ላይ ቀረሁ። ወደ ታች አየሁ። ጎረቤቴ ከሳፋው አንድ ነጠላ አውጥታ እየጨመቀች ነበር። ነጠላው ጠብታም አልቀረውም፤ እሷ ግን መጭመቋን አላቆመችም።

ከላይ ጀምረን ወረድን። ባለሙያው እያንዳንዱን በሰፈሩ አጠራር ማን እንደሚባል ይጠይቀናል፤ ዳኛው ከተቀመጡበት ሆነው የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን እኔ እመልሳለሁ። ሰንሰል አልን፤ የድሮ አጥር ቅሪት ነው። እንዶድ አልን። ግራዋ አልን፤ ዳኛው የጋን ማጠቢያ መሆኑን አስረዱ፣ ከዚያ ስለ ቀድሞው ጠላ ትንሽ አወሩ። ሳማ ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሩ፣ «ይቺንስ ለኔ ተዉልኝ፤ እናቴ በሷ ነው ያሳደገችኝ» አለ። አስተናግሩ፣ የወፍ ቆሎው፣ ሙጃው ሁሉ ተነገረ። ቅንጬ አረሙም ተገኘ፤ ካሰብነው በላይ ነበር።

መልስ በሰጠሁ ቁጥር ባለሙያው ቀና ብሎ ያየኝ ጀመር። አንድ ጊዜ፣ «እማማ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት መሰለኝ፤ ለይተው ያውቁታል» አለኝ። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ልጆቼ የሚደውሉልኝ መድኃኒቴን መዋጤን ለማረጋገጥ ነው። ይህን የምጽፈው ለኋላው ነገር የሚጠቅም ስለሆነ ነው።

ጉሎው ጋ ደረስን። ጎረቤቴ አልተንቀሳቀሰችም። ሳፋዋን ብቻ በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ ከጉሎው ጥላ ሥር አየ። እዚያ፣ ከድንጋይ ጋር የተጠጋች፣ ከጉልበት በታች የሆነች፣ ቅጠሏ አመድ የነካው የሚመስል አንዲት ተክል ነበረች። እኔም ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ለዓይን የምትስብ አይደለችም።

«ይቺስ?» አለኝ።

«አረም ነው» አልኩት።

ቃሌን ጠበቅሁ። ጎረቤቴ ነጠላውን ሳፋው ውስጥ መለሰችው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ እንግዲያው ከዚህ ከታች ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ አላቸው። ማጭዳቸውን አንስተው መውረድ ጀመሩ። ዛሬውኑ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ዛሬውኑ ነው አለኝ። ነገ ዶዘር ይመጣል፣ ስለዚህ አረሙ ዛሬ ታጭዶ፣ ከሰዓት ደርቆ፣ ምሽት ላይ መቃጠል አለበት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ምን ይሆናል አልኩት፤ ድምፄን እንደ ቀልድ አድርጌ። እሱም ቀልዱን ተቀበለኝ። «እማማ፣ ጠጠሩን ትዳር ልንይዝበት ነው፤ እስከ ቅዳሜ ከቆየን ልጅቷ ሌላ ታገባለች» አለ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ «ጀለሴ፣ አንተን ማን ያገባሃል?» አለው።

ወደ ጎረቤቴ አየሁ። እሷ ወደ እኔ አላየችም። ወደ ተክሏም አላየችም። ወንዙን ታይ ነበር። አሁን ጎንበስ ብላ ልትነቅላት እንደማትችል አውቃለሁ፤ በሰው ፊት፣ ያለ ቀኗ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የማኅበሩ ልጆች ከጉሎው አሥር እርምጃ ያህል ቀርቷቸው ነበር፤ አንዱ ማጭዱን በሱሪው ላይ እየጠረገ ነው የሚመጣው።

ያኔ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። አረም ከተባለች ዛሬ ትታጨዳለች፣ ትቃጠላለች። ጠቃሚ ከተባለች ችካል ይተከልላታል፣ ትተዋለች፤ ዓርብም ይደርሳል። ይህን አሰብኩ። ትክክል ነበር የመሰለኝ። ከዚህ ሌላ ያሰብኩትም አለ፤ ባለሙያው ቅድም እርስዎ ለይተው ያውቁታል ብሎኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ያን ልጅ አረም ያልሆነውን አረም ብዬ ስሳሳት እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ሁለቱ ሐሳቦች አብረው ነው የመጡት። የትኛው እንዳናገረኝ አሁንም መለየት አልችልም።

«ቆዩ» አልኩ። «አረም አይደለም። መድኃኒት ነው።»

ልጆቹ ቆሙ። ዳኛው ከድንጋዩ ላይ ቀና አሉ። ባለሙያው ፊቱ በራ፤ በሙሉ ሰውነቱ ወደ እኔ ዞረ።

«የምን መድኃኒት? ማን ይባላል?»

ስሙን አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አላወቅሁትም፣ ሊነገረኝም አይገባም ነበር። አላውቅም ብዬ ማቆም ይቻል ነበር።

«እሷ ታውቃለች» አልኩ። እጄም ተነሣ። ጠቆምኳት።

የእጄን መነሣት እስከ ዛሬ አየዋለሁ። በልጅነታችን ሰው በጣት መጠቆም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ልጆቼንም በዚህ ቆንጥጫለሁ። ያውም ተዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ነበር የተነሣው፤ ከላይ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ማን እንደተጠቆመ ሊያይ ይችል ነበር።

ከዚያ ልጆቹ ጀመሩ። ክፉዎች አይደሉም፤ ነገሩን የያዙት እንደ ጨዋታ ነው። አንዱ፣ «እማማ፣ መስተፋቅር አለ እንዴ? ለሊቀመንበራችን ያስፈልጋል» አላት። ሌላው፣ «ኮንዶሚኒየም የሚያወጣ ቅጠል ካለ ለኔ ይቁረጡልኝ፤ እኔ ፍቅሩ ይቅርብኝ» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሥር ማሽ የሚለውን ቃል አጠገቡ ለቆመው ልጅ ሲናገር ሰማሁት። እኔ ከሰማሁት እሷም ሰምታዋለች። ዳኛው፣ «ተዉ፣ ልጆች» አሉ፤ ብዙም አልጠነከሩም። ከዘራቸውን መሬት ላይ እያዞሩ ወደ ታች ያዩ ነበር። ከእሳቸውም ቤት ወደ እሷ የወረደ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሳቸው ግን አፋቸውን ጠብቀው ኖሩ፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ባለሙያው ግን አልቀለደም። ወደ እሷ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ትሑት ልጅ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት እየጠፋ መሆኑን ነገራት፤ ቢመዘገብ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ፣ ከፈለገችም ስሟ አብሮ እንደሚጻፍ ነገራት።

«ስሜ አይጻፍ» አለችው።

«እሺ እናቴ፣ አይጻፍም። የቅጠሏን ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

«አላውቀውም። እኔ ልብስ ላሰጣ ነው የወረድኩት።»

ባለሙያው ዞሮ እኔን አየኝ። ግራ ተጋብቷል። ከሁለታችን አንዳችን እንደዋሸነው ገብቶታል፤ ማን እንደሆነ ግን አልገባውም። እኔ በዚህች ደቂቃ ተሳስቻለሁ፣ አረም ነው ማለት እችል ነበር። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር፣ አሮጊቷ ቃዠች ይሉ ነበር፣ በዚያው ያልፍ ነበር። ከንፈሬ አልተንቀሳቀሰም። ባለሙያው የጠበቀውን ያህል ጠብቆኝ ወደ ተክሏ ተመለሰ።

ስሟ ካልታወቀ ወስዶ ማስለየት እንዳለበት ለሊቀመንበሩ ሲያስረዳው ሰማሁ። አበባዋም፣ ቅጠሏም፣ ሥሯም በአንድ ላይ ያስፈልጋሉ፤ ሥር ከሌለ በትክክል አይለይም። ሌላ ካለ ሌላዋ ችካል ተተክሎላት ትቆያለች። ዙሪያውን አየ። ከጉሎው ጀርባ አየ፣ ድንጋዩን ዞሮ አየ፣ እስከ ውኃው ድረስ ወርዶ ተመለሰ። ሌላ አልነበረም።

«አንድ ብቻ ናት እንዴ?» አለ። ማንን እንደጠየቀ ራሱም ያወቀ አይመስልም።

መልስ የሰጠችው እሷ ናት።

«ውሰዳት» አለችው። «አረም ናት አልኩህ እኮ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ሳፋዋን አንስታ ወገቧ ላይ አሳረፈችና፣ እሱ እንዲቆፍር አንድ እርምጃ ለቀቀችለት።

ባለሙያው ከቦርሳው ትንሽ መቆፈሪያ አወጣ። ዳር ዳሩን በጥንቃቄ ማሰ፤ ጠጠሩን በእጁ እያነሣ ወደ ጎን አኖረ። ሥሩ እንዳይበጠስ ተንበርክኮ ነበር። ከአንዱ ድንጋይ ሥር ሲገባ ድንጋዩን ሁለት ልጆች ተጠርተው አነሡለት። ሥሩ ረጅም ነበር፤ ከላይ ካለው ቁመቷ ይበልጣል። እስከ ጫፉ ሳይበጠስ ወጣ። ልጆቹ ሁሉ ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ መቀለዳቸውን ትተው ነበር። አፈሩን አራገፈ፣ በጋዜጣው መካከል አጋደማት፣ ሥሯን አጥፎ አስገባ። ሁለቱን ጣውላ ከላይና ከታች አድርጎ በጠፍር ጥብቅ አድርጎ አሠረ። ላብ በግንባሩ ወርዶ ነበር። ቀና ብሎ አመሰገነኝ። «እርስዎ ባይኖሩ አምልጣን ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እዚሁ ልጻፈውና ልጨርስ። ባለሙያው ስሟ ተለይቶ ሲታወቅ ለዕድሩ አሳውቃለሁ ብሎ ነበር፤ እስካሁን የደረሰን ነገር የለም። ጠጠሩ በመኪና እየወጣ ነው፤ ልጆቹ አሁን ግንብ ተደግፈው አይቆሙም፤ በዚህ ደስ ይለኛል። ወደ ታችኛዋ የሚወርዱ ሰዎች መጀመሪያ አነሱ፣ ከዚያ ቀሩ። አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ ያቀፈች ሴት በሬን አንኳኩታ ቤቷን ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት፤ ብዙም ሳትቆይ ልጇን እንዳቀፈች ተመልሳ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ጎረቤቴ አሁንም ልብስ ታጥባለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደ ቀድሞው እንደምን ዋሉ ትለኛለች፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ እስከ በሯ ወርጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ክፍት ነበር፣ እሷም ውስጥ ነበረች። ይቅርታ ስል ያደረግኩትን በስሙ መጥራት አለብኝ፤ እሱን ስጠራ ደግሞ እሷ በሰው ፊት የካደችውን ነገር እንደገና ላነሣባት ነው። ሁለቱንም ጊዜ የሚታጠብ ልብስ ሰጥቻት ተመለስኩ።

በዚያ ጠዋት ግን፣ ባለሙያው አሥሮ እንደጨረሰ፣ ወንዙ ዳር ልጆቹ ማጨድ ጀመሩ። ከጉሎው ነው የጀመሩት። አረንጓዴው ግንድ ሲቆረጥ ውኃ እየተፋ ወደቀ፣ ጥላ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ገባበት። ተክሏ የነበረችበት ጉድጓድ ሜዳ ላይ ቀረ፤ አንዱ ልጅ በአካፋው ጠጠር ገፋ አድርጎ ደፈነው። ጎረቤቴ ልብሷን ሳታሰጣ፣ ሳፋውን ወገቧ ላይ እንዳሳረፈች ቆማ ነበር። ከሳፋው የሚንጠባጠበው ውኃ ቀሚሷን ያርሰው ነበር። ዳኛው ከድንጋያቸው ተነሥተው እንሂድ ወይ አሉኝ። ባለሙያው አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ፣ አብረን እንወጣለን አለ። አልጠበቅሁትም። ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስኩና ዳገቱን ወጣሁ።